ፒተር ገትሪ ቴይት እና የቋጠሮዎች ቆጠራ

በሒሳብ ቋጠሮ የሚባለው ሁለት ጫፎቹ ተያይዘው የተዘጉ ገመድ ነው። ገመዱ ሳይቆረጥ ወደ ተራ ቀለበት ካልተመለሰ በእርግጥ ተቋጥሯል ይባላል። እንዲህ ያሉትን ቋጠሮዎች በሥርዓት መዝግበው ሠንጠረዥ ካዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ዋነኛው ስኮትላንዳዊው ፒተር ገትሪ ቴይት ናቸው። ሥራውን ያስጀመራቸው ሐሳብ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም ሥራው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ቴይት እ.ኤ.አ. በ1831 በኤዲንብራ አቅራቢያ በምትገኘው ዳልኪዝ ተወለዱ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበሩ። በ1852 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጡ፤ በቤልፋስት ካስተማሩ በኋላም ከ1860 ጀምሮ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆኑ።

በ1867 ቴይት ቀዳዳ ካላቸው ሣጥኖች የጭስ ቀለበት እያስወጡ ለወዳጃቸው ለዊልያም ቶምሰን አሳዩ። ቀለበቶቹ ቅርጻቸውን ጠብቀው ይጓዛሉ፤ ሲጋጩም እንደ ላስቲክ ይነጥራሉ። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ቶምሰን ከዚህ ተነሥተው አተም ኤተር በተባለው ረቂቅ ነገር ውስጥ የሚሽከረከር ቀለበት ወይም ቋጠሮ ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አቀረቡ። እንደዚያ ከሆነ ቋጠሮዎችን መለየት የንጥረ ነገሮችን ዐይነት እንደ መለየት ነው።

ቴይት ቆጠራውን በ1876 ጀመሩ። ቋጠሮውን በወረቀት ላይ ሥለው ገመዱ በራሱ ላይ የሚሻገርባቸውን ነጥቦች ይቆጥራሉ፤ መልካቸው ቢለያይም አንድ የሆኑትንም ያጣምራሉ። ሦስትና አራት መሻገሪያ ያላቸው ቋጠሮዎች አንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ አምስት ያላቸው 2፣ ስድስት ያላቸው 3፣ ሰባት ያላቸው 7 ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለት ቋጠሮዎች በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ስልት በዘመኑ አልነበረም። ቴይት የተመሩት በዐይናቸው፣ በትዕግሥታቸውና በግምታቸው ነበር። በእንግሊዛዊው ቄስ በቶማስ ኪርክማንና በአሜሪካዊው ቻርልስ ሊትል አጋዥነት እስከ 1885 ድረስ ገመዱ ከላይና ከታች እየተፈራረቀ የሚያልፍባቸው ቋጠሮዎች ቆጠራ እስከ 10 መሻገሪያ ደረሰ።

በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ ያደረጉት ሙከራ የኤተርን ምልክት አላገኘም። የአተም ቋጠሮነትም ውሎ አድሮ ተተወ። ታዋቂ የጎልፍ ተጫዋች የነበረው ልጃቸው ፍሬዲ በ1900 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ሞተ፤ ቴይትም በቀጣዩ ዓመት፣ በሐምሌ 1901 ዐረፉ።

ያለ ማረጋገጫ የተዉአቸው ግምቶች ግን ተከታዮቻቸውን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል አሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ ትርፍ መሻገሪያ የሌለው ተፈራራቂ ሥዕል በዚያ ቋጠሮ ሊገኝ የሚችለውን አነስተኛ የመሻገሪያ ቁጥር ያሳያል የሚል ነው። ይህ ግምት በ1987 ተረጋገጠ፤ ለማረጋገጫው መሣሪያ የሆነውም ቮን ጆንስ በ1984 ያገኙት ፖሊኖሚያል ነው። ዛሬ የዲኤንኤን መጠላለፍ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቴይት በጀመሩት መንገድ መሻገሪያዎችን ይቆጥራሉ።