ጄምስ ጎርደን ቤኔትና የአገሮች የእሽቅድምድም ቀለም

የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ጄምስ ጎርደን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1841 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ጋዜጣውን የመሠረተው ሞክሼው የሆነ አባቱ ሲሆን፣ ልጁ አመራሩን የተረከበው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። ሀብቱ የተትረፈረፈ፣ ጠባዩም ግልፍተኛ ነበር፤ በዜናም ሆነ በስፖርት ከሌላው ቀድሞ የመድረስ ፍላጎት ግን ዕድሜውን ሁሉ አልተለየውም። እ.ኤ.አ. በ1866 በሸራ ጀልባው አትላንቲክን አቋርጦ ሁለት ተወዳዳሪዎችን ቀደመ።

ጋዜጣው በኢትዮጵያም ታሪክ ስፍራ አለው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ሄንሪ ስታንሊ የሄራልድ ወኪል ሆኖ ተከተለ። የመቅደላን መያዝና የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት የሚገልጸው የስታንሊ ዜና ከስዊዝ በቴሌግራፍ ተላልፎ ለንደን የደረሰው ከጦሩ ይፋ መልእክት አስቀድሞ ነበር።

ቤኔት እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ መኖሪያውን በፓሪስ አደረገ። ፈረንሳይ በዚያ ዘመን በመኪና ሥራ ቀዳሚ ስለ ነበረች፣ የእሱም ትኩረት ወደዚሁ ዘርፍ ዞረ። በስሙ የተጠራው ዋንጫ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1900 ከፓሪስ እስከ ሊዮን ተጀመረ፤ ከተነሡት 5 መኪናዎች መጨረሻ የደረሱት 2 ብቻ ናቸው። በዚህ ዋንጫ የሚወዳደሩት አገሮች ነበሩ። እያንዳንዱ አገር በአውቶሞቢል ክለቡ በኩል ከሦስት የማይበልጡ መኪናዎች ያቀርባል፤ የመኪናውም ክፍል ሁሉ በዚያው አገር የተሠራ መሆን ይገባዋል። ካውንት ኤሊየት ዝቦሮቭስኪ ባቀረበው ሐሳብ መሠረትም ለፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ለቤልጅግ ቢጫ፣ ለጀርመን ነጭ፣ ለአሜሪካ ቀይ ቀለም ተመደበ።

የደንቡ ጥብቅነት የታየው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። የእንግሊዙ ሰልዊን ኤጅ ያቀረበው ናፒየር መኪና ክብደቱን የአገሩ ጎማ ሊሸከምለት ስላልቻለ የፈረንሳይ ጎማ ገጠመ፤ በዚህም ምክንያት ለዋንጫው የመወዳደር መብቱን አጣ። በማግስቱ ዓመት ኤጅ ደንቡን አሟልቶ ተመለሰ፤ የፈረንሳዮቹ መኪናዎች በየመንገዱ ሲበላሹ እሱ አሸነፈ። የእንግሊዝ አረንጓዴ ቀለም የተወለደው ከዚህ መኪናና እ.ኤ.አ. በ1903 በአየርላንድ ከተካሄደው ውድድር ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ፋብሪካዎች የነበሯት ፈረንሳይ በሦስት መኪና መወሰኑን አልወደደችም። እ.ኤ.አ. ከ1905 በኋላ የመኪናው ዋንጫ ቀረ፤ በ1906 ፋብሪካዎች የሚወዳደሩበት ግራንድ ፕሪ ተተካ። ቀለሞቹ ግን ጸኑ።

የአገሮች ፉክክር አዲስ አበባም ደረሰ። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የአገሩን ሥራ ዎልስሌይ መኪና ለዐፄ ምኒልክ ይዞ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የጀርመን መኪና ተከተለ።

ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ፈረንሳይ ሞተ። የአገር ቀለም ከእሱ በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በግራንድ ፕሪ መኪናዎች ላይ ለንግድ ማስታወቂያ ስፍራውን እየለቀቀ ሄደ። የቀለሙ ክብር ምንጭ የሙያ ብቃት ነበር፤ እስከ ጎማው ድረስ በገዛ አገሩ እጅ ያልተሠራ መኪና ያንን ቀለም ተቀብቶ ለዋንጫው ሊሰለፍ አይችልም ነበርና።