አበበ ቢቂላ
ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው አትሌት ነው። የተወለደው በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ ሲሆን በክቡር ዘበኛ ወታደርነት አገልግሏል።

ከሮም ኦሊምፒክ በፊት በውጭ አገር አይታወቅም ነበር፤ ድሉ ግን ድንገተኛ አልነበረም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ረጅም ሩጫን፣ አገር አቋራጭንና የፍጥነት ልምምድን እያፈራረቀ ጽናቱን ደረጃ በደረጃ ገንብቶለታል። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2:21:23 ጨረሰ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2:12:11 ድሉን ደገመ። ሁለቱም ሰዓቶች በወቅቱ በዓለም ፈጣኖቹ ነበሩ።