ጉንዳን ሲማር ያየው መምህር

ጉንዳኖች መሬት ላይ ተሰልፈው ሲሄዱ ያላየ የለም። አንዷ ከሰልፉ ወጣ ትልና፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ተሸክማ ወደ ጉድጓዷ ትመለሳለች። ጂፒኤስ የላት፣ መንገድ የሚያሳያት የለ፤ ግን ቤቷን አትስትም። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፍ ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይመክራል። ጉንዳኗ ራሷስ ትማራለች ወይ ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ቻርልስ ሄንሪ ተርነር ነው።

ተርነር የተወለደው በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ባርነት በሕግ ከቀረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ጥቁር ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ ሕመምተኛ አስታማሚ ነበሩ። ቤታቸው ገንዘብ ባይሞላውም መጽሐፍ አልጠፋበትም። ልጁ በ1886 ሁለተኛ ደረጃን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1891 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በዓመቱ ሁለተኛውን ያዘ።

ገና ተማሪ እያለ ዓይኑ ያረፈው ሸረሪት ላይ ነው። ሸረሪት ድር የምትሠራው በደመ ነፍስ ነው፣ እንደ ማሽን አንድ ዓይነት ነገር ትደጋግማለች ይባል ነበር። ተርነር በተለያየ ቦታ የተሠሩ ድሮችን እያነጻጸረ ሲያይ ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነለትም። ሸረሪቷ ድሯን እንደ ቦታው ታስተካክላለች። በ1892 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድር እንድትሠራ የሚገፋት ደመ ነፍስ ቢሆንም አሠራሩን ግን እንደ ሁኔታው የምትወስነው ራሷ ናት አለ። ይህ ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

ኑሮ ግን ለምርምር ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። በ1893 አትላንታ ወደሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ፣ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሄዶ ማስተማር ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ሊዮንቲን ሞተችና ልጆቹን ይዞ ቀረ። አንዱን ልጁን ዳርዊን ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ልቡ የት እንደነበር ከዚህ ይገባችኋል።

በዚያ ዘመን በሳይንሱ ዓለም የጦፈ ክርክር ነበር። አልብሬክት ቤተ የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ1898 ባወጣው ሥራ፣ ጉንዳን የምታስብም የምትማርም አይደለችም፣ ሽታ ሲነካት ብቻ የምትንቀሳቀስ ማሽን ናት ብሎ ነበር። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ጉንዳንን ሰው ሊያደርጓት ምንም አልቀራቸውም። ተርነር ሁለቱንም ወገን አልተቀበለም። ክርክሩን ትቶ ሙከራ ውስጥ ገባ።

ዕቃዎቹ ተራ ናቸው፤ ካርቶን፣ መብራትና ትዕግሥት። ከካርቶን ትንሽ መድረክ ሠራ። ከመድረኩ ወደ ጉንዳኖቹ ቤት የሚያወርድ ዘንበል ያለ መንገድ አበጀ። ከዚያ ጉንዳኖቹን ከነልጆቻቸው መድረኩ ላይ አስቀመጣቸው። ጉንዳን ልጆቿን ሜዳ ላይ ጥላ አትሄድም፤ ተሸክማ ቤት ታስገባለች። መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋብተው ሲንከራተቱ ቆዩ። እየዋለ ሲያድር መንገዱን ለመዱት፣ መንከራተቱም ቀነሰ። በሽታ ብቻ ቢሆንስ? በሙቀት ቢሆንስ? ተርነር እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ለየ። መብራቱን ከአንዱ ጎን አንስቶ ወደ ሌላው ጎን ሲያዞረው ደግሞ ጉንዳኖቹ አቅጣጫ ተሳሳቱ። ለካ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይዘው ነበር የሚጓዙት።

ከሁሉ የሚያስቀው ሌላ ነው። ጉንዳኖቹን በትንሽ ጠፍጣፋ ማንሻ እያነሳ ወደ ቤታቸው ሲያደርሳቸው፣ ማንሻዋን እንደ ሊፍት መጠቀም የለመዱ ተገኙ። ጎናቸው ያሉት በእግራቸው ሲወርዱ፣ እነሱ ልጆቻቸውን ተሸክመው ማንሻዋ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ዘር፣ የተለያየ ልማድ። እንዲህ ያለ ማንሻ ከእናት ከአባት አይወረስም፤ ተማሩት ማለት ነው።

በዚህ ሥራ በ1907 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ዶክትሬቱን አገኘ። ዕድሜው 40 ነበር። ድምዳሜው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ጉንዳንን ወደ ቤት የሚመልሳት አንድ የተለየ ደመ ነፍስ አይደለም፤ ሽታ፣ ብርሃንና የመንገድ ምልክት እያገናዘበች፣ ከደረሰባት እየተማረች ነው የምትሄደው። ሰው አይደለችም፤ ማሽንም አይደለችም።

እንዲህ ያለ ምሁር ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላቦራቶሪና ረዳት ተመድቦለት ይሠራል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አልሆነም። የዘመኑ ትልልቅ የምርምር ተቋማት ለጥቁር ምሁር በራቸው ዝግ ነበር። ተርነር በ1908 ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሰምነር በተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ኋላ ቻክ ቤሪና ቲና ተርነር የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ቀን ያስተምራል፤ በተረፈችው ሰዓት ይመራመራል። ደቀ መዝሙር የሚሆኑት የዶክትሬት ተማሪዎች አልነበሩትም፤ ደህና የምርምር ቤተ መጻሕፍትም በቅርቡ የለም።

ግን አልተወውም። ላቦራቶሪ ሲያጣ መናፈሻ ሄደ። በኦፋሎን መናፈሻ ማር የተቀቡ ባለቀለም ክቦች ዘርግቶ ንቦች ቀለም እንደሚለዩ ፈተነ፤ ውጤቱን በ1910 አሳተመ። ንቧ የለየችው ቀለሙን ነው ወይስ የድምቀቱን መጠን የሚለውን ጥያቄ ራሱ ሳይደብቅ አነሳ። ካርል ፎን ፍሪሽ በንቦች ቀለም ላይ ዝነኛ ሥራውን ያወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1914 ነው፤ በንብ ጥናቱም በ1973 ኖቤል ተሸለመ። ተርነር በረሮ ከስህተቷ እንደምትማር፣ የእሳት እራት ድምፅ እንደምትሰማም አሳየ። በጠቅላላው ከ70 በላይ ጽሑፎች አሳትሟል። ጉንዳን ቤቷ ስትቃረብ የምትሽከረከረውን ዙር ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ተመራማሪዎች በስሙ ጠሩለት።

ሌላም ነገር ጽፏል። በ1902 ባወጣው ጽሑፍ ስለ ዘር ጥላቻ አንስቶ፣ መፍትሔው ትምህርት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ለጥቁሩም ለነጩም። ሸረሪትና ጉንዳን ባህርያቸውን እንደ ሁኔታው የሚያስተካክሉ ከሆነ፣ ሰው ጥላቻውን ተፈጥሮዬ ነው ብሎ እንዴት ያመካኛል? ይህ ጥያቄ ለእሱ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ በየቀኑ የሚኖረው ሕይወት ነበር።

በ1922 ጤናው ስለታወከ ማስተማሩን አቆመ። በየካቲት 1923 ቺካጎ ውስጥ በ56 ዓመቱ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የአካል ጉዳት ላለባቸው ጥቁር ሕፃናት የተከፈተ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። ሳይንሱ ግን ለረጅም ጊዜ ረሳው፤ እሱ ቀድሞ የደረሰበትን ሌሎች እንደ አዲስ ሲያገኙት ስሙን ያነሳ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ግን አልሞተም። በ2006 ተመራማሪዎች የቱኒዚያ በረሃ ጉንዳኖችን እግር በቀጭን ዘንግ አስረዝመው ለቀቋቸው። እግራቸው የረዘመው ቤታቸውን አልፈው ሄዱ፤ ለካ ርቀቱን የሚለኩት በእርምጃቸው ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት የተርነር የካርቶን መድረክ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገ ደጃፋችሁ ላይ ጉንዳን ስታዩ ቆም በሉ። ስልካችሁን አውጡና ቪዲዮ ቅረጿት፣ መንገዷ ላይ አንዲት ጠጠር አኑሩባት፣ ምን እንደምታደርግ እዩ። ተርነርም የጀመረው እንዲሁ በማየት ነው።