ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብና የልቡና ብርሃን

በዚህ ዕትማችን ሕይወቱን የምንተርክላችሁ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ሳይሆን፣ «ሐተታ» በሚባለው የግእዝ መጽሐፍ የታወቀው ፈላስፋ ነው።

መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1592 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1599) በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። ዜማ ጀምሮ ድምፁ ስላልሰመረለት ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ተመለሰ፤ ከዚያም በአክሱም መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱ ጊዜ ግን አገር ታወከ። ዘርዐ ያዕቆብ የፈረንጆቹንም የግብፆቹንም ትርጓሜ ለተማሪዎቹ ሳያዳላ ስላስረዳ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። በንጉሡም ዘንድ ስለ ተከሰሰ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አቅራቢያ በሚገኝ ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

በዋሻው ሲጸልይ አንድ ጥያቄ አስጨነቀው፤ ሁሉም የእኔ እምነት እውነት ነው ሲል ሰው እውነቱን በምን ይለያል? መልሱን በልቡና አገኘው። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሚመረምርበትን የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፤ ሰው ግን መመርመር ስለሚታክተው የሰማውን ሳይፈትን ይቀበላል ብሎ አስተማረ። ነፍስም ፈጣሪዋን የምታስብና በዚህ ዓለም ሀብት የማትጠግብ ስለ ሆነች፣ ከሞት በኋላ ሌላ ሕይወት እንዳላት ደመደመ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ደካርትም የማያጠራጥር ዕውቀትን በገዛ አእምሮው ውስጥ ይፈልግ ነበር።

ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ከነገሡ በኋላ ፈላስፋው በእንፍራዝ ተቀመጠ። በቤቱ ያስጠጋው ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ነበር። የዚያን ቤት አገልጋይ ሂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ እንደ ገረድ እንዳትታይ አደረገ። ሐተታውን በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ጽፎ፣ በ93 ዓመቱ ዐረፈ።

የመጽሐፉ ደራሲነት ግን ያከራክራል። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የላኩት ካፑቺኑ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው እርሳቸው ናቸው ሲል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢየሱሳዊ አባ ክላውድ ሰምነር ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟግተዋል። አባ ጁስቶ እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ከፋ የገቡት የአቡነ ማስያስ የጉዞ ባልደረባ ስለ ነበሩ፣ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ፈላስፋው ጾምንና ምንኵስናን መንቀፉን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም። በእምነታችን ስም ግፍ መፈጸሙን ግን ልንሸሽግ አይገባንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳወጀው፣ ማንም ሰው በግድ እንዲያምን ሊደረግ አይገባም። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በማንኪራም ሆነ በቦንጋ አንድ ሕፃን ነፍስ ምንድን ናት፣ እግዚአብሔርስ መኖሩን በምን አወቅን ብሎ ቢጠይቃችሁ በቍጣ ዝም አታሰኙት። የሚጠይቅበትን ልቡና የሰጠው እግዚአብሔር ነውና፣ ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ መልሱን በትዕግሥት ፈልጉ።