የጆ ሉዊስ ክንድ እና የዋጋው ክፍፍል

የቡጢ ሻምፒዮኖች ታሪክ ዘወትር የሚነገረው በዝረራ ቁጥር ነው። ስንት ሰው ጣለ፣ በስንተኛው ዙር ጣለ፣ ማዕረጉን ስንት ጊዜ አስከበረ ተብሎ ይቆጠርና ታሪኩ በዚያው ይዘጋል። እኛ የአሜሪካዊውን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የጆ ሉዊስን ሕይወት የምናነሣው ግን በሌላ ጥያቄ ነው። የዚህ ሰው ክንድ ያፈራው ሀብት ወዴት ሄደ? ማዕረጉን ለ11 ዓመት ከ8 ወር ይዞ 25 ጊዜ ያስከበረ ሰው በመጨረሻ ዘመኑ የቁማር ቤት እንግዳ ተቀባይ ለመሆን የበቃው እንዴት ነው?

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 13 ቀን 1914 በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ ላፋዬት በተባለችው ከተማ አጠገብ ነው። ወላጆቹ የባሮች ልጆች ነበሩ፤ ራሳቸውም በሌላ ሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ አራሾች ነበሩ። ጢሰኝነት ምን እንደነበረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን መተንተን አያሻም። በ1926 ቤተሰቡ እንደ ብዙ የደቡብ ጥቁሮች ሁሉ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። ልጁም ዕድሜው ሲደርስ በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ። እናቱ ቫዮሊን እንዲማርበት የሰጡትን ገንዘብ ለቡጢ ልምምድ ቤት መክፈሉ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። እኛ ግን ከዚያ ይልቅ ሌላውን ነገር እናስቀድማለን፤ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ቤተሰቡ የከተማው መንግሥት ለድሆች በሚሰጠው ርዳታ ኖሮ ነበርና፣ ሉዊስ ገንዘብ ማግኘት እንደጀመረ ያንን ርዳታ ለዲትሮይት ከተማ መልሶ ከፍሏል። ይህን ድርጊት አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን።

በ1934 የሙያ ቡጢኛ ሲሆን ሥራ አስኪያጆቹ ጆን ሮክስቦሮና ጁልያን ብላክ፣ አሠልጣኙም ጃክ ብላክበርን፣ ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ከእርሱ በፊት የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ማዕረጉን በ1915 ካጣ ወዲህ ለ22 ዓመት አንድም ጥቁር ለዚህ ማዕረግ እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። ስለዚህም ለወጣቱ ጥብቅ ደንብ ተደነገገለት፦ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ አለመፈንጠዝ፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አለመነሣት፣ ንግግር ማሳጠር። ነጩ ተጋጣሚ እንዳሻው ሲፎክር ጥቁሩ ለማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ለማሸነፉ ይቅርታ እንዲደረግለትም መልፋት ነበረበት።

ጁን 25 ቀን 1935፣ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣልያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ወልወል ላይ ደም ከፈሰሰ ገና ሰባተኛ ወሩ ነው። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ በመርከብ ያጓጉዛል። ካርኔራ ደግሞ በ1933 ሻምፒዮን ሲሆን የፋሽስቱ መንግሥት የጣልያን ኃይል ምሳሌ አድርጎ በየአደባባዩ ያሳየው ግዙፍ ሰው ነበር፤ ከሉዊስ ይልቅ ወደ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይከብድ ነበር። የሃርለም ጥቁሮች ይህን ግጥሚያ የኢትዮጵያና የጣልያን ፍልሚያ አድርገው ቆጠሩት። ፖሊስም ጥቁሮችና የጣልያን ተወላጆች እንዳይጋጩ በመስጋት በብዛት ተሰማራ። ካርኔራ በ6ኛው ዙር ደጋግሞ ወድቆ ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። የሃርለም መንገዶች በደስታ ተጥለቀለቁ። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ። የቡጢ ድል ታንክ አያቆምም። ሆኖም ከዓለም መንግሥታት ማኅበር ፍርድ ሲጠባበቅ ለነበረው ሕዝባችን፣ በሩቅ አገር ያሉ ጭቁኖች በስሙ መደሰታቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ጣለው። በጁን 22 ቀን 1937 ሉዊስ በቺካጎ ጄምስ ብራዶክን አሸንፎ ማዕረጉን ወሰደ፤ ይህን ግጥሚያ ለማግኘት ግን የግጥሚያ አዘጋጁ ማይክ ጄኮብስ ከትርፉ 10 በመቶ ለ10 ዓመት ለብራዶክ ወገን ለመስጠት ተዋውሎ ነበር። የማዕረግ በር እንኳ በኪራይ ይከፈታል! ልክ በዓመቱ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር፣ በ2 ደቂቃ ከ4 ሰኮንድ ዘረረው። ናዚዎች የዘር የበላይነታቸው ምስክር ያደረጉት ሽሜሊንግ የፓርቲው አባል እንዳልነበረ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር በአይሁድ ላይ በተነሣው ጭፍጨፋ ሁለት አይሁድ ልጆችን በማረፊያው ደብቆ እንዳዳነ መመስከር ይገባል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በጃኑዋሪ 1942 ሉዊስ ከበዲ ቤር ጋር የተጋጠመበትን ድርሻውን ለባሕር ኃይል የርዳታ ድርጅት፣ በማርች ከኤብ ሳይመን ጋር የተጋጠመበትን ለምድር ጦር የርዳታ ድርጅት ሰጠ። ሁለቱ ተደምረው ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ናቸው። ያ ባሕር ኃይል ጥቁሮችን በአብዛኛው ለምግብ አቅራቢነት ብቻ የሚቀበል ነበር። ራሱም በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ፣ ጥቁርና ነጭ በተለያየ ክፍል በሚያገለግሉበት ጦር ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ለሚጠጉ ወታደሮች የቡጢ ትርኢት አሳየ። በካንሳስ ፎርት ራይሊ ጥቁሮች ለመኮንንነት እንዳይሠለጥኑ ሲከለከሉ፣ ኋላ በቤዝቦል የታወቀው ጃኪ ሮቢንሰን ጭምር እንዲገቡ በስሙ ተጠቅሞ አስፈቀደ።

ጦርነቱ ሲያልቅ የግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ገለጠ። ለርዳታ የሰጠው ገንዘብ በእጁ የገባ ገቢ ተደርጎ ተቆጠረበት። ደመወዙን ከፔሮል ላይ ፈርሞ የሚቀበል ሠራተኛ፣ ያልጨበጠው ብር ግብር ሲጠየቅበት ምን ማለት እንደሆነ ይገነዘባል። በ1950 ዕዳው ከወለድና ከቅጣት ጋር ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ኋላም ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ሉዊስ ገንዘብ በታኝ እንደነበረ፣ ጎልፍና ያልተሳካ ንግድ ብዙ እንደበሉበት አንክድም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ግጥሚያ ገቢ አስቀድሞ የሥራ አስኪያጆቹና የአዘጋጁ ድርሻ ይነሣ ነበር፤ በስሙ ከተሰበሰበው ወደ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ከሚጠጋ ገንዘብ ለእርሱ የደረሰው 800 ሺህ ያህል ብቻ እንደሆነ ይነገራል። በጉልበቱ የበሉት ዕዳውን አልተካፈሉትም።

በ1949 ማዕረጉን በፈቃዱ ትቶ የነበረው ሰው ዕዳ አስገድዶት ወደ ቡጢ ተመለሰ። በ1950 በኤዛርድ ቻርልስ ተሸነፈ። በኦክቶበር 26 ቀን 1951 በኒው ዮርክ ወጣቱ ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው። ዕድሜው 37 ነበር። ከዚያም ለገንዘብ ሲል በትርኢት ትግል ተሰለፈ፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ከወቅታዊ ገቢው በላይ ላለመጠየቅ የተስማማው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በላስ ቬጋስ ቄሳርስ ፓላስ የተባለው ሆቴል ቁማርተኞችን እንዲቀበል ቀጠረው። በ1977 ልቡን በቀዶ ጥገና ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ።

ኤፕሪል 12 ቀን 1981 በ66 ዓመቱ አረፈ። የአርሊንግተን ብሔራዊ የወታደሮች መቃብር ደንብ ስላልፈቀደለት ፕሬዚዳንት ሬገን ደንቡን በልዩ ውሳኔ አንሥተውለት በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። ከቀብሩ ወጪ ከፊሉን የከፈለው፣ ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን በኮካ ኮላ ንግድ የከበረው የቀድሞ ተጋጣሚው ማክስ ሽሜሊንግ ነው።