ያሬድና ምልክቶቹ

ቅዱስ ያሬድን በስም የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም ብንል አላበዛንም፤ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በስሙ ነው። የዜማው ምልክቶች ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ምን ቁጥርና ምን ስፍራ እንዳገኙ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህም ሕይወቱን ባጭሩ ተርከን ወደዚሁ ጉዳይ እናልፋለን።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርት ግን እንቢ አለው፤ ዳዊት ለመድገም ዓመታት ፈጀበት፤ የመምህሩም በትር አልቀረለትም። ተማርሮ ኰበለለ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት አየና ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ፈተና በወደቅን ቁጥር ወላጆቻችን ስለሚነግሩን እዚህ አናረዝመውም።

ከዚያ በኋላ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች አስገኘ፤ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ዝማሬ የጋይንት ነው ይባላል፤ ያሬድ ከንጉሡ ከገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋራ ወደ ዙር አምባ ወጥቶ በዚያ ደረሰው ይላሉና። ጋይንትም ከዚያ ወዲህ ዜማን አልለቀቀችም፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክር ዙር አምባ፣ ድጓ የሚያስመሰክር ቤተ ልሔም ይወርዳል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተክሎ ሁለቱም ሳያውቁት እንደ ቆዩ ይተረካል። ያሬድም ንጉሡን ተሰናብቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ፤ በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን በዚያው ተሰወረ።

ምልክቶቹ ከቃሉ በላይ በደቃቁ ይጻፋሉ። ሊቃውንቱ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሒደትና ቁርጥ ብለው ስምንት ይቈጥራሉ፤ ድርስንና አንብርን ጨምረው ዐሥር የሚሉም አሉ። በመጽሐፍ ላይ ሥርዓት ይዘው የሰፈሩት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እጅ እንደ ሆነ ይነገራል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። መሣሪያው የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የእኛን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ከ1200 ጀምሮ አሰፈረው፤ አቈጣጠሩ በዐሥር ሳይሆን በዐሥራ ስድስት ነው። ከፊታችን በ1100 የቃኘው ሻለቃ የዘመተላት የኮሪያ ሆሄያት ሰፍረዋል፤ ጉርብትናው ደስ ያሰኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዜማ ምልክቶች ከ1390 እስከ 1399 ዐሥር ቁጥሮች ተሰጡ። ድርስና አንብር ግን በዝርዝሩ የሉም፤ ዐሥሩ የሞላው በዐጭር ርክርክና በደረት-ሒደት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን ስፍራው ነው። ኮሪያዎች 19 መነሻ፣ 21 አናባቢና 27 መድረሻ ሆሄያት አሏቸው፤ መድረሻ የሌለው ሲጨመር 11,172 ክፍለ ቃላት ይወጣሉ። ሆሄያቱ በተርታ ቢጻፉም ኮምፒዩተሩ ደርቦ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የመገጣጠሙ ሕግ በመዝገቡ ተደንግጓልና። የያሬድ ምልክት ግን ራሱን የቻለ ተራ ምልክት ተብሎ ስለ ተመዘገበ በፊደሉ አናት ላይ አይወጣም፤ ከጐኑ ይቀመጣል። ከላይ ለማዋል ገጹን የሚያቀናብር ሌላ ፕሮግራም ይጠይቃል፤ ጽሑፉ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲዛወርም ምልክቱ ከቃሉ ሊለይ ይችላል። ምልክቱ ቦታውን የሳተ ድጓ ደግሞ ለመሪጌታ ምን ይረባዋል?

በመካከላችን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የዜማ ቤቶች ወጥተው እዚህ የገቡ አሉ፤ ኮምፒዩተር የሚማሩም አሉ። በአንድ የምግብ አዳራሽ እየበሉ አይነጋገሩም። የድጓው ተማሪ ምልክቱ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚያርፍ፣ ሁለት ሲገናኙም የትኛው እንደሚቀድም በቃሉ ያውቃል፤ መዝገቡ ግን እስካሁን የያዘው ስማቸውንና መልካቸውን ብቻ ነው።