ቀልዳቸው የቀረልን፣ ወንበራቸው የተረሳብን አለቃ

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አማርኛ እየሰማ ያደገ ሁሉ ሁለት ሦስት የአለቃ ቀልድ አያጣም። ታክሲ ውስጥ ይነገራል፣ ሠርግ ላይ ይነገራል፣ ልቅሶ ቤትም ሐዘኑ ትንሽ በረድ ሲል አንዱ ሽማግሌ ጣል ያደርገዋል። ከመብዛቱ የተነሳ ባለቤቱ ያልታወቀ ጨዋታ ሁሉ ለሳቸው ይሰጣል። ሰው አንዴ ቀልደኛ ከተባለ የሌላውም ቀልድ ይቆጠርለታል።

እስቲ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአለቃ ገብረ ሐና ሥራ ምን ነበር? በሳቸው ዘመን ቀልድ እንጀራ አያበላም። ቴአትር ቤት የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ሰውየው መምህር ነበሩ። ቅኔ አዋቂ፣ አቋቋም አስተማሪ፣ ወንበር ዘርግተው ተማሪ ሰብስበው ያስቀጸሉ ሊቅ። ለዚህች አገር የተዉላት ትልቁ ነገር ከቀልዳቸው የተገኘ አይደለም፤ ከማስተማራቸው ነው። እሱ ደግሞ በስማቸው አይጠራም።

የተወለዱት በ1814 ዓ.ም. ገደማ፣ ፎገራ ውስጥ ናባጋ ጊዮርጊስ ነው። በዛሬው አከፋፈል ደቡብ ጎንደር ዞን ማለት ነው፤ ከደብረ ታቦር ደጋ ወደ ጣና ሲወረድ የሚዘረጋው ሜዳ። ፎገራ ሲባል ዛሬ ቶሎ የሚመጣልን ሩዙ ነው። አለቃ ሲወለዱ ግን ሩዝ የሚባል ነገር እዚያ አልነበረም፤ የመጣው ከሳቸው ሞት ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የነበረው ከብትና ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ከዚያ ወዲያ ጣና ነው፣ ደንገልና ሸምበቆ። ይህን ውሃና ሸምበቆ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚያ ዘመን መማር የፈለገ ልጅ ከቤቱ ይወጣል። ፊደልና ዳዊት በሰፈሩ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት በየአገሩ ተበታትኖ የተቀመጠ ነው። ደቡብ ጎንደር በዚህ በኩል ሀብታም ናት። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት፣ ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይወጣል። ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ወይ ወደ ዋድላ ይዘልቃል። አቋቋም ደግሞ ጎንደር ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ ተራራው፣ ቆላው፣ ደጋው ሁሉ ግቢ ነው፤ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ገብረ ሐናም ይህን መንገድ ይዘው ጎንደር ገቡ፤ ተማሩ፣ ከሊቃውንቱ ተርታ ቆሙ፣ አስተማሩ።

ዕድሜያቸው ረጅም ነበር። ልጅ ሳሉ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ደብረ ታቦር የራሶቹ መናገሻ ናት። ጎልማሳ ሲሆኑ ቴዎድሮስ ነገሡ፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተቀለጠ። ቴዎድሮስ አልፈው፣ ዮሐንስ አልፈው፣ በምኒልክ ዘመን ደግሞ አለቃ ሸዋ ደርሰው የእንጦጦ ራጉኤል አለቃ ሆነዋል። ከእቴጌ ጣይቱና ከምኒልክ ጋር የተጣሉበትና የታረቁበት ጨዋታ ሁሉ ምንጩ ይህ ዘመን ነው። ሕዝቡ ቤተ መንግሥት ገብቶ ሊናገር ያማረውን ነገር በአለቃ አፍ እያደረገ ተናግሯል ብዬ አስባለሁ። የትኛው በርግጥ የሳቸው እንደሆነ፣ የትኛው የሕዝቡ እንደሆነ መለየት ዛሬ አይቻልም።

ቀልዳቸውን ራሱን ረጋ ብሎ ላየው ግን መምህሩ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። አህያ ከምትነዳ ሴት ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላምታውን በብዙ ቁጥር ያቀረቡበትን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ አንዲት ናት፤ ሰላምታው ግን ለብዙ ነው፤ አህያዋም ተካተተች። ቀልዱ ያለው በአንዲት ባለቤት አመልካች ምዕላድ ላይ ነው። ይህን ለመሥራት ሰዋስው ማወቅ ያስፈልጋል። ቅኔ ቤት የሚያስተምሩትም ይሄንኑ ነው፤ ግስ ማውረድ፣ ቃሉን መሰንጠቅ፣ አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ማሠራት፣ ሰሙን ከላይ አድርጎ ወርቁን ከሥር ማስቀመጥ። የቅኔ ተማሪ ቀን ግስ ያጠናል፣ ብቻውን ጫካ ገብቶ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን መምህሩ ፊት አቅርቦ ይነግራል፤ ስንኝ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ይመለስበታል። ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ተነስቶ መወድስ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱን ዓመታት። አለቃ ግዕዙን ለማኅሌት አስቀምጠው በአማርኛው ሲጫወቱ ከዚያ ትምህርት ቤት ተርፎ የወጣ እውቀት ነው ለሕዝቡ የደረሰው። ግዕዝ የማያውቅ ገበሬና ነጋዴ የሰምና ወርቅን ጣዕም በነፃ የቀመሰው በሳቸው ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ አቋቋሙ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። በዓል ላይ፣ ወይ በቴሌቪዥን፣ ነጭ ለብሰው ሁለት ረድፍ ሠርተው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡ ሊቃውንት አይታችኋል። ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል። አይደለም። አቋቋም የራሱ ትምህርት ቤት ያለው፣ ዓመታት የሚወስድ ሙያ ነው። አንዱ ቀለም ቁም ተብሎ በዝግታ ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከዚያ ከበሮው ገብቶ መረግድ፣ ጽፋት እያለ ይፈጥናል። እግር የት እንደሚረግጥ፣ መቋሚያው መቼ እንደሚነሳ፣ ጸናጽሉ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚወድቅ ሁሉም ሥርዓት አለው። ከሥርዓቶቹ ዋና ዋናዎቹ የጎንደሮቹ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ እና ተክሌ ናቸው።

ያ ተክሌ የሚባለው የአለቃ ገብረ ሐና ሥራ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አለቃ የጣናን ማዕበልና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሸምበቆ ተመልክተው፣ ሰውነት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ የሚዘመምበትን ስልት አወጡ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ውሃና ሸምበቆ ይኸው መጣ። ትውፊቱ ቃል በቃል እንዲህ ይሁን አይሁን፣ የናባጋ ልጅ ያደገበትን የሐይቅ ዳር ሁለት ረድፍ ሠርተው በሚዘሙ ሊቃውንት ትከሻ ላይ ማየት ያስደስታል።

ጎንደር ግን አልተቀበለችውም። አዲስ ነገር ነውና የጎንደር ሊቃውንት ጀርባ ሰጡት። ይህ አይገርምም፤ መሐል ያለ ሰው የያዘው ነገር አለው፣ ያን አውጥቶ አዲስ ማስገባት ያከስረዋል። ኢኮኖሚክስ ስማር ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፤ አዲስ አሠራር ብዙ ጊዜ ሥር የሚሰደው የድሮው በደንብ ካልተደላደለበት ዳር ነው። አለቃ ያኔ አማራጫቸው ሁለት ነበር፤ መከራከር ወይም ማስተማር። ተከራክረው ይሆናል፤ አፋቸውን ስለምናውቀው። ታሪክ የቀየረው ግን ማስተማራቸው ነው። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ይዞት ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ደብረ ታቦር ተቀበለችው፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ የተክሌ አቋቋም ሆነ፣ የደብረ ታቦር መታወቂያም ሆነ። አንድ ጊዜ ጀርባ የተሰጠው ስልት ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ በየደብሩ ይዘመማል።

ስሙን ልብ በሉ። የፈጠሩት አባት ናቸው፤ የሚጠራው ልጅ ነው። አሁን ባለው ዓለም ይህ ቢሆን ጠበቃ ይቆም ነበር። መምህርነት ግን ከሌላው ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጋዴ ስሙን ዕቃው ላይ ይለጥፋል፣ ንጉሥ ከተማ ላይ ይለጥፋል። የመምህር ሥራ የተሳካው ተማሪው የራሱ አድርጎ ሲይዘው ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ ወደ ተማሪው ያልፋል። እያንዳንዳችን ስንጽፍ፣ ስንናገር ከአንድ አስተማሪ የወሰድነው አነጋገር አለን፤ ከማን እንደወሰድነው እንኳን አናስታውሰውም።

ይህ በአባትና በወንድ ልጅ መካከል ብቻ የሆነ አይደለም። ዓባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔውን ከአባታቸው ከመምህሩ ተምረው ራሳቸው የቅኔ መምህርት ሆኑ፤ ወንዶች ተማሪዎች ከየአገሩ እየመጡ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተቀኙ። ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቅኔ ማስተማሯ ባልተለመደበት ጉባኤ ማለት ነው። መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉ መምህርት፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘው፣ የተማሪውን ቅኔ በጆሯቸው ብቻ እየሰሙ ጉድለቱን ያርማሉ። ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ከአለቃ ቀልድ አዋቂ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የሚያስቅ ነገር ስላልተዉልን ይሆን?

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ የሙያዬ ነገር ሆኖ አያስችለኝም። ይህን ሁሉ ትምህርት የከፈለው ማነው? መምህሩ ደመወዝ የለውም፣ ተማሪው ክፍያ አይከፍልም። በነፃ ነው እንላለን። ነፃ የሚባል ነገር ግን የለም፤ አንድ ሰው ከፍሏል። የከፈለችው የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንት እናት ናት። ተማሪው በእንተ ስለ ማርያም ብሎ በሯ ላይ ሲቆም ከልጆቿ ምሳ ቆርሳ አኩፋዳው ውስጥ የጨመረችው ቁራሽ ነው በጀቱ። ጉና ተራራ ሥር ያለው ብርድ ላይ፣ በገብስና በድንች የሚኖር ቤት ለዘመናት ሊቅ አሳድጓል። የተክሌ አቋቋም ውስጥ የዚህች እናት ድርሻ አለበት፤ ስሟ ግን ከአለቃም ስም በላይ ተረስቷል።

ይህን የማነሳው ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው። ያ በጀት ዛሬም ያው ቁራሽ ነው። ዋጋ ሲንር መጀመሪያ የሚያንሰው በር ላይ የሚሰጠው ነው። በክልሉ ግጭት በገባ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፤ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግሩ እየዞረ የሚማር ተማሪ ደግሞ ያለ መንገድ መማር አይችልም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢያንስ ዜና ይሆናል፣ ቁጥር ይወጣለታል። የአንድ አቋቋም መምህር ወንበር ሲታጠፍ ማን ይቆጥረዋል?

አንዳንድ ጓደኞቼ ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ የለ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሞልቷል፤ ጥሩም ነው፣ ይቀረጽ። ግን ቪዲዮ መቋሚያህን ዝቅ አድርግ አይልህም። እግርህ አንድ ምት ቀድሞ ሲረግጥ አያስቆምህም። አቋቋም የሚተላለፈው ከሰውነት ወደ ሰውነት ነው፤ ያ ደግሞ በእጁ እየነካ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ጎንደር ባልተቀበለችበት ጊዜ ስልቱ የነበረው በአለቃና በልጃቸው ሰውነት ውስጥ ነው። ተክሌ ሳይማረው አለቃ ቢያርፉ ኖሮ፣ ቀልዱ ብቻ ይቀርልን ነበር።

አለቃ ገብረ ሐና ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው ሸምግለው አረፉ፤ ዘመኑ በ1890ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ካረፉ ከ100 ዓመት በላይ ሆነ። ቀልዳቸውን መንገር አናቁም፤ እኔም አላቆምም። ስንነግር ግን ሰውየው መምህር እንደነበሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምርበት። በቀጣዩ በዓል ደግሞ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ ስታዩ አጠገባችሁ ላለው ልጅ ያ የማን ትምህርት እንደሆነ ንገሩት። ደጃችሁ ላይ አኩፋዳ ያነገበ ተማሪ ቢቆምም ባዶውን አትስደዱት፤ ትምህርቱ የሚቀጥለው በዚያ ቁራሽ ነው።